ከውጭ ሸሪክ ጋር ወጪ መጋራት፦ ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠሩ የውልና የግብር አሠራር

ደሴ ላይ «ወጪ መጋራት» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ፈርሞ የሚወጣውን ዕዳ ነው። እዚህ የምንጽፈው ስለ ሌላው ነው። አንደኛው ሸሪክ እዚህ፣ ሌላው ቱርክ ወይም ቻይና ወይም ጅዳ ሆኖ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሥራ ሲያቆሙ ማን ምኑን እንደሚከፍል፣ የተከፈለውስ በግብር ፊት ምን ተብሎ እንደሚታይ።

ሸሪኮች ሲጣሉ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ስሙ ያጣላቸዋል። ከውጭ 40,000 ዶላር ይገባል። ላኪው «ብድር ነው» ይላል፤ ተቀባዩ «ካፒታል ነው» ይላል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ እስኪጣራ ብሎ «የሸሪክ ሒሳብ» በሚል ይመዘግበዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲት ሲመጣ ሦስቱም የየራሳቸውን ወረቀት ያወጣሉ። ግብሩ የሚሰላው ገንዘቡ በተሰጠው ስም ነውና ያኔ የሚከፍለው እዚህ ያለው ድርጅት ነው። ስለዚህ ድንበር የሚሻገር ገንዘብ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ስም ይሰጠው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን የማድረጊያ መንገድ ነው።

1. የማኅበሩን ቅርጽና የሸሪኩን ማንነት ይቁረጡ

ውጭ ያለው ሸሪክ በሕግ ፊት ማን ነው? የውጭ ዜጋ ወይም የውጭ ድርጅት ከሆነ፣ በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር መመደብ አለበት። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምሮ ከሆነ 150,000 ይበቃል። ፈቃዱንም የሚያወጣው ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው።

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ምርጫ አለው። እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ከፈለገ የካፒታል ወለሉ አይመለከተውም፤ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የተከለሉ መስኮችም ይከፈቱለታል። ግን አዋጁ ትርፍንና የሽያጭ ገንዘብን በውጭ ምንዛሪ የማውጣት መብት የሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው። ዘመድ ለዘመድ ሲሠራ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ «ድርሻዬን በዶላር ላኩልኝ» ሲመጣ ቅሬታው መራራ ነው። ምርጫው ከመመዝገቡ በፊት ይነገር፣ በጽሑፍም ይስፈር።

ቅርጹን በተመለከተ፣ በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የእሽሙር ማኅበር የሚባለው አለ። የሕግ ሰውነት የለውም፣ በንግድ መዝገብም አይገባም፤ ውሉ በሸሪኮቹ መካከል ብቻ የሚኖር ነው። ለአንድ ጊዜ ንግድ ይሆን ይሆናል። ማሽን አስገብቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ቫት ተመዝግቦ ለሚሠራ ግን አንመክረውም። ደረሰኙ ሁሉ በአንዱ ሸሪክ ስምና በአንዱ ቲን ነምበር ስለሚቆረጥ የሌላው ድርሻ በግብር መዝገብ ላይ አይታይም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይሻላል።

2. አራቱ ስሞች

ከውጭ ሸሪክ የሚመጣ ወይም ወደ እሱ የሚሄድ ገንዘብ በአብዛኛው ከአራት አንዱ ነው።

ካፒታል። በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የተጻፈ፣ በባንክ የገባ፣ የገቢ ማረጋገጫ ያለው። ባንኩ ገንዘቡን ሲቀበል የሚሰጠው ወረቀት ላይ የላኪው ስም ከሸሪኩ ስም ጋር በፊደል መግጠም አለበት፣ የመላኪያውም ምክንያት «የካፒታል መዋጮ» ይበል። ሸሪኩ በወንድሙ ስም ከላከ፣ ወይም በሰው እጅና በጥቁር ገበያ ካስገባ፣ ገንዘቡ ሥራ ላይ ቢውልም የውጭ ካፒታል ሆኖ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ካፒታል ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የማውጣት መብቱን ለማስረዳት አይበቃም።

ካፒታሉ በማሽን ከመጣ ሦስት ወረቀቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው፦ የሻጩን ኢንቮይስ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ በዓይነት የተደረገውን መዋጮ የገመተውን ባለሙያ ሪፖርት። ማሽኑ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲደርስ የተቀባዩ ስም የሸሪኩ ሳይሆን የማኅበሩ መሆን አለበት። በኢንቮይስ 90,000፣ በዲክላራሲዮን 65,000፣ በመመሥረቻ ጽሑፍ 110,000 ዶላር ተብሎ የተጻፈ አንድ ማሽን ለእርጅና ቅናሽም፣ ለድርሻ ስሌትም፣ ለመውጫም ጠብ ነው።

የአገር ውስጡ ሸሪክ «እኔ መሬት አዋጣለሁ» የሚለውንም አስቡበት። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚዋጣው የመጠቀም መብቱና በላዩ ያለው ግንባታ ነው። ግምቱ በሠፈር ወሬ ዋጋ አይሠራም።

ብድር። ሸሪክ ለራሱ ማኅበር ሲያበድር የብድር ውሉ ከገንዘቡ ይቀድማል፤ የውጭ ብድር በብሔራዊ ባንክ ሥርዓት ማለፍ አለበት። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 47 ላይ አንድ ገደብ አለ። ማኅበሩ በውጭ ሰው ቁጥጥር ሥር ከሆነ፣ አማካይ ዕዳው ከአማካይ ካፒታሉ ከሁለት እጥፍ ሲያልፍ ከገደቡ ባለፈው ዕዳ ላይ ያለው ወለድ ተቀናሽ ወጪ አይሆንም። ካፒታል 25 ሚሊዮን ብር፣ ዕዳ 70 ሚሊዮን እንበል። የሚፈቀደው 50 ሚሊዮን ነው፤ 20 ሚሊዮኑ ከገደቡ ያለፈ ነው። ወለዱ 8 በመቶ ከሆነ በዓመት 5.6 ሚሊዮን ይከፈላል፤ ከዚህ ውስጥ 1.6 ሚሊዮኑ በወጪነት አይያዝም። በ30 በመቶ የትርፍ ግብር 480,000 ብር ተጨማሪ ክፍያ ማለት ነው፣ ያውም በየዓመቱ። ብድሩን ከመፈራረም በፊት ይህችን ስሌት አንድ ጊዜ መሥራት ይበቃል።

የአገልግሎትና የመብት ክፍያ። ሸሪኩ ባለሙያ ሲልክ፣ ሲያማክር፣ ቀመር ወይም ንግድ ምልክት ሲያከራይ።

የተጋራ ወጪ። ሁለቱም የሚጠቀሙበትን ነገር አንዱ ከፍሎ ሌላው ድርሻውን የሚመልስለት። ሦስተኛውና አራተኛው የሚምታቱ ናቸው፤ የቀረው ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው።

3. የሚጋራውን ለይቶ መጻፍ

ውሉ ላይ «ልዩ ልዩ የጋራ ወጪዎች» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። እያንዳንዱ ወጪ በስም ይዘርዘር፣ ከጎኑም ኮምቦልቻ ያለው ድርጅት ምን እንደሚያገኝበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ «ይህን ወጪ ዝምድና የሌለው ድርጅት ቢሆን ይከፍለው ነበር ወይ?» የገቢ ግብር አዋጁ አንቀጽ 79 ዝምድና ያላቸው ሰዎች የሚገበያዩበት ዋጋ እንደ ባዕዳን እንዲሆን ያዛል፤ ትራንስፈር ፕራይሲንግ የሚባለው ይህ ነው።

ውጭ ያለው ኩባንያ ለራሱ ባለአክሲዮኖች የሚያዘጋጀው ሪፖርት፣ የሥራ አስኪያጁ ጉዞ «ኢንቨስትመንቴን ልይ» ብሎ፣ ሌላ አገር ሊከፍት ያሰበው ቅርንጫፍ ጥናት፣ እነዚህ የባለቤትነት ወጪ ናቸውና ወደ ጋራው ቋት አይግቡ።

ሌላ ሰው በቀጥታ የሚያስከፍለው ነገርም ከቋቱ ቢወጣ ይመረጣል። የመድን ድርጅት ወይም የጭነት አመላላሽ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ኢንቮይስ መቁረጥ ከቻለ ያድርገው። በሸሪክ በኩል ዞሮ የመጣ ወጪ ሁሉ ሁለት ጊዜ ማስረዳት ይጠይቃል።

ማኅበሩ ከመመዝገቡ በፊት የወጣው ወጪ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ለጥናት፣ ለጉዞ፣ ለውል ማረጋገጫ የተከፈለው በግለሰብ ስም ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መሥራቾቹ በመጀመሪያው ስብሰባ እያንዳንዱን ደረሰኝ በዝርዝር አይተው ማኅበሩ የተቀበለው ወጪ መሆኑን በቃለ ጉባኤ ያጽድቁ። ፕሮፎርማ ደረሰኝ አይደለም፤ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይግባ።

4. መለኪያውን መምረጥ

ዓለም አቀፉ አሠራር የሚለው ድርሻው ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር ይመጣጠን ነው። በድርሻ መቶኛ መካፈል (60 ለ 40 ስለሆንን ወጪውም 60 ለ 40) ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ባለቤትነትና አጠቃቀም የተለያዩ ናቸው። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት መኖ ማቀነባበሪያ አለ እንበል፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ከአካባቢው ይገዛል። ውጭ ያለው ሸሪክ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ፋብሪካዎች አሉት። በዓመት ለሁሉም የሚያወጣው የጋራ ወጪ 120,000 ዶላር ነው፦ የመኖ ቀመሩን ለመጠቀም 45,000፣ የኢንጂነሮች ድጋፍ 50,000፣ የላቦራቶሪ ምርመራ 25,000። መለኪያው የተመረተ ኩንታል ነው። ሁሉም ፋብሪካዎች 600,000 ኩንታል አመረቱ፤ ኮምቦልቻ 120,000። ድርሻው 20 በመቶ፣ በገንዘብ 24,000 ዶላር ይሆናል፦ 9,000 ለቀመሩ፣ 10,000 ለኢንጂነሮቹ፣ 5,000 ለላቦራቶሪው።

መለኪያ ለእያንዳንዱ ወጪ ሊለያይ ይችላል፤ ላቦራቶሪውን በናሙና ብዛት፣ ኢንጂነሩን በሠራው ሰዓት ማካፈል የበለጠ ይጠጋል። ዋናው፣ ቁጥሩ ሁለቱም ወገን ሊያየው ከሚችል መዝገብ የሚገኝ መሆኑ ነው። ሽያጭን መለኪያ ያደረጉ ሰዎች ብር ሲወርድ አጠቃቀማቸው ሳይለወጥ ድርሻቸው ይቀንሳል፤ ኩንታል ግን ኩንታል ነው።

በበጀት የተከፈለው በዓመቱ መጨረሻ በእውነተኛው ቁጥር ይስተካከል። ይህ አንቀጽ የሌለው ውል የወጪ መጋራት ውል ለመባል ይከብዳል፤ ቁርጥ ክፍያ ሆኖ ይታያል።

5. ግብሩ በስሙ ሲሰላ

ነዋሪ ላልሆነ ሰው ሲከፈል ከፋዩ ግብሩን ቀንሶ ያስቀራል። አዋጅ 979/2008 ሲወጣ የጣለው ተመን ለሮያሊቲ (እንደ ቀመርና ንግድ ምልክት ያለ መብት ለመጠቀም የሚከፈል) 5 በመቶ፣ ለሥራ አመራር ወይም ለቴክኒክ አገልግሎት 15 በመቶ ነው። አዋጁ በቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏልና በውሉ ውስጥ ተመን አይጻፍ፤ «በክፍያው ዕለት በሥራ ላይ ባለው ተመን» ይባል።

በእነዚህ ተመኖች ምሳሌያችንን እንሥራ። ኢንቮይሱ በአንድ መስመር «የቴክኒክ ድጋፍ 24,000» ብሎ ከመጣ ተቀናሹ 3,600 ዶላር ነው። በሦስት መስመር ተለይቶ፣ የቀመሩ ውል ተያይዞ ከመጣ ግን 9,000 በ5 በመቶ 450፣ 15,000 በ15 በመቶ 2,250፣ ድምሩ 2,700። የ900 ዶላሩ ልዩነት የመጣው ከስም ነው። ስሙ ግን እውነት መሆን አለበት፤ ኢንጂነር ልኮ ሮያሊቲ ብሎ መጻፍ በኦዲት አንድ ቀን አይቆምም። ቀመሩን የመጠቀም ውሉም የቴክኖሎጂ ሽግግር ስምምነት ስለሚሆን በኢንቨስትመንት ኮሚሽን መመዝገብ አለበት።

«ያለ ትርፍ፣ ያወጣሁትን ብቻ ነው የጠየቅኩ» የሚለው ክርክር ለብቻው ተቀናሹን አያስቀርም። ነዋሪ ላልሆነ ሰው ለአገልግሎት የተከፈለ ነውና።

ብዙ ሸሪክ የሚወድቅበት ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ክፍያው ከማንኛውም ግብር የተጣራ ይሆናል።» ውጭ በተዘጋጀ ረቂቅ ውስጥ ሁልጊዜ አይጠፋም። ትርጉሙ ግብሩን ኮምቦልቻ ያለው ይሸከማል ማለት ነው። 15,000 ዶላር ተጣርቶ እንዲደርሰው ጥቅሉ 15,000 ሲካፈል ለ0.85፣ ማለትም 17,647 ይሆናል፤ ግብሩም ከ2,250 ወደ 2,647 ያድጋል። ሊቀበሉት ይችላሉ፤ ግን ቁጥሩን አይተው ይቀበሉት።

የተቀነሰው ግብር ወሩ ካለቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ይሁን። ሳይቀንስ የከፈለ ሰው ራሱ ተጠያቂ ነው፤ ገንዘቡ ውጭ ከደረሰ በኋላ ከሸሪክ ማስመለስ እንዴት እንደሚያስቸግር መናገር አያስፈልግም።

ቫትም አለ። ከውጭ የተገዛ አገልግሎት ላይ፣ አቅራቢው እዚህ ስላልተመዘገበ፣ ተቀባዩ ራሱ 15 በመቶውን አስልቶ ይከፍላል (አዋጅ ቁጥር 1341/2016)። በ24,000 ዶላር ላይ 3,600 ነው። የሚሸጡት ዕቃ ቫት የሚከፈልበት ከሆነ ይህ እንደ ግብዓት ቫት ከሽያጭ ከሚሰበስቡት ቫት ላይ ይካካሳል። ከቫት ነፃ ከሆነ ግን አይካካስም፤ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የዋጋ ስሌት ከመሥራት በፊት የራስዎ ምርት በየትኛው ወገን እንዳለ ያረጋግጡ።

ሸሪኩ በአገሩ ሁለተኛ እንዳይከፍል ኢትዮጵያ ከቻይና፣ ከቱርክ፣ ከሕንድ፣ ከጣሊያን፣ ከእንግሊዝና ከሌሎችም ጋር ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት አላት። ከአሜሪካ ጋር የላትም። ስምምነቱን ለመጠቀም ሸሪኩ ከአገሩ ግብር ባለሥልጣን የነዋሪነት ምስክር ወረቀት ከክፍያው በፊት ያምጣ። ስምምነት ባይኖርም ብዙ አገር እዚህ የተከፈለውን ያካክሳል፤ ለዚህ የሚጠይቀው ማስረጃ የግብር ደረሰኙን ነው። በየወሩ ኮፒውን መላክ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ ዓመት ሲሞላ ፍለጋ የሚገባበት ድርጅት ብዙ ነው።

6. ምንዛሪና የሒሳብ ዘመን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በሰኔ ተሰልቶ በመስከረም የተከፈለ የወጪ ድርሻ በብር ሲታይ እጥፍ ሊጠጋ ማለት ነው። ውሉ የሚከተሉትን ይመልስ፦ ዕዳው በየትኛው ገንዘብ ይመዘገባል? የየትኛው ባንክ፣ የመግዣ ወይስ የመሸጫ፣ የየትኛው ቀን ተመን? ምንዛሪ ጠፍቶ ክፍያው ቢዘገይ ልዩነቱን ማን ይሸከማል? እኛ የምንመርጠው የመክፈያው ቀን የከፋዩ ባንክ የመሸጫ ተመን፣ ዘግይቶ የሚመጣ ልዩነት ደግሞ እኩል ለእኩል የሚለውን ነው። ክፍያውን በየሩብ ዓመቱ ማድረግም ጉዳቱን ያሳንሳል።

በኢትዮጵያ የተለመደው የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የብዙ ሸሪኮች ግን ታኅሣሥ መጨረሻ በፈረንጅ ይዘጋል። ሰኔ 30 በፈረንጅ ጁላይ 7 ላይ ይውላል፣ የወር መጨረሻ እንኳ አይደለም። ሸሪኩ የጁንን መዝጊያ ልኮ ሰባት ቀን ሲጎድል ስሌቱ አይገጥምም። በውሉ «እስከ ጁላይ 7 የተቆረጠ የወጪ መግለጫ እስከ ነሐሴ 30 ይድረስ» ብሎ ማስገባት ይጠቅማል። የትርፍ ግብር ማስታወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ስለሆነ መስከረምና ጥቅምት ለማጣራት ይቀራሉ።

7. የሰው ቀን ቆጠራ

ከውጭ የሚመጣ ኢንጂነር በሁለት በኩል ይቆጠራል። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ለአንድ ወይም ለተያያዘ ፕሮጀክት የተሰጠ አገልግሎት ተደምሮ ከ183 ቀን ካለፈ፣ የላከው ኩባንያ እዚህ በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት እንዳለው ይቆጠራል፣ ትርፉም እዚህ ግብር ይከፈልበታል። አራት ሰዎች ተራ በተራ ሁለት ሁለት ወር ቢመጡም ቀናቱ ይደመራሉ፤ «አንዳቸውም ስድስት ወር አልቆዩም» አያድንም። በተጨማሪ ግለሰቡ ራሱ ከ183 ቀን በላይ ከቆየ የኢትዮጵያ ነዋሪ ይሆናል። አንድ ቀላል ሰንጠረዥ በኤክሴል ይያዝ፦ ስም፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የፓስፖርት ማኅተም ኮፒ፣ የሠራው ሥራ። 150ኛው ቀን ላይ ሲደርስ ሸሪኮች ይነጋገሩ።

8. ሰነዱ

ውጭ የተፈረመ ውክልና ወይም ውል በአገሩ ተረጋግጦ፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አልፎ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ይመጣል። ውሉ በሁለት ቋንቋ ከሆነ የትኛው እንደሚገዛ አንድ መስመር ይጻፍ።

ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ፋይል ይከፈት። በውስጡ ኢንቮይሱ፣ የወጪው ዋና ደረሰኝ ኮፒ፣ የድርሻ ስሌቱ፣ አገልግሎቱ መሰጠቱን የሚያሳይ ነገር፣ የተቀናሽ ግብር ደረሰኝ፣ የባንክ ማዘዣ። ከእነዚህ ሁልጊዜ የሚጎድለው አራተኛው ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት፣ የኢንጂነሩ የጉብኝት ሪፖርት፣ የኢሜይል ልውውጥ፣ ማንኛውም ቀን ያለበት ነገር ይሆናል። አገልግሎቱ በእርግጥ ተሰጥቶ ማስረጃ ባለመያዙ ብቻ ወጪው የተሰረዘበት ድርጅት ያሳዝናል።

9. መለያየት

ድርሻ ወይም አክሲዮን ሲሸጥ በሚገኘው ጥቅም ላይ ግብር አለ (979/2008 ሲወጣ 30 በመቶ ነበር)፤ ለዚህም ነው የመዋጮው የመጀመሪያ ዋጋ በደረሰኝ መያዝ ያለበት። ከቀረጥ ነፃ የገባ ማሽን መብቱ ለሌለው ሰው ከተላለፈ ቀረጡ ይጠየቃል። ውሉ ላይ የሚጻፈው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የሠራተኛና የግብር ዕዳ፣ ከዚያ የሦስተኛ ወገን ብድር፣ ከዚያ ያልተስተካከለ የጋራ ወጪ፣ ከዚያ የሸሪክ ብድር፣ በመጨረሻ ካፒታል። የጋራ ወጪው ማስተካከያ ከመለያያው ቀን በኋላ እስከ 90 ቀን ክፍት ይቆይ፤ ውጭ ያለው ሸሪክ የመጨረሻውን ሩብ ዓመት ኢንቮይስ የሚልከው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነውና።